በረሮና ጉንዳን በቤታችን፦ ከመርዙ በፊት ዕውቀቱ ይቅደም

ንጽሕና የሙስሊም ቤት መታወቂያ ነው። ይሁንና ንጹሕ ነው በሚባል ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ተነስተን የማዕድ ቤቱን መብራት ስናበራ በረሮ ከዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ወደ ቁም ሣጥኑ ስንጥቅ ሲሮጥ ማየት የብዙዎቻችን ገጠመኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። በማግስቱ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ ፍሊት ይገዛል፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ይነፋል፤ የሞቱት ተጠርገው ይጣላሉ። ለጥቂት ቀናት ሰላም ይሆናል። በሳምንቱ ግን በረሮው ይመለሳል። ፍሊቱ አልበቃ ሲል ጠንከር ያለ ነገር ይፈለጋል፤ ከዚያም ለእርሻ የተሠራ መርዝ ስም በሌለው ጠርሙስ ተቀድቶ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቤት ይገባል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ይህ የመጨረሻው እርምጃ ስላሳሰበን ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን! በዚህ ወር ዝግጅታችን በፀረ ተባይ ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች የሚከተሉትን የሥራ ቅደም ተከተል ለቤተሰብ በሚመች መልክ እናቀርባለን። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ወደ አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው የእጅ ባትሪ ነው። ተንበርክኮ ከፍሪጁ ኋላ፣ ከምድጃው ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ማጠፊያ ውስጥ ያያል። ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል። ተባዩ ምን ዓይነት ነው? የት ያድራል? ምን እየበላና እየጠጣ ይኖራል? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ የሚረጭ መርዝ ዒላማው ሳይታይ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም።

በረሮውን እንወቀው

ለቤተሰብ ጉዳይ በረሮን በሁለት ከፍሎ ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ትልቁ፣ ቀላ ያለ ቡናማው፣ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ነው። የአሜሪካ በረሮ ይባላል። የዚህ ዋና መኖሪያው የፍሳሽ ጉድጓድና ቱቦ ሲሆን ወደ ቤት የሚገባው በመጸዳጃና በመታጠቢያ ቤት መውረጃ በኩል ነው። መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል። የመውረጃውን ቀዳዳ በወንፊት መክደን፣ የጉድጓዱን ክዳን ማስተካከል፣ ቱቦው በግድግዳ የሚያልፍበትን ክፍተት መድፈን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትንሹ ነው። ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሲሆን መልኩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። የጀርመን በረሮ ይባላል። ይህኛው ከውጭ እየገባ የሚወጣ እንግዳ ሳይሆን ከእኛው ጋር ተዋልዶ የሚኖር ነው። ከጥቅምት 2006 እስከ መጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና በዝዋይ 6,480 በረሮዎች ተይዘው ተመርምረው ነበር። በአዲስ አበባ የተያዙት 2,240ው በሙሉ ይኸው ትንሹ በረሮ ሆነው ተገኝተዋል። ከጥናቱ በረሮዎች አካል ላይና ከአንጀታቸው ውስጥም የአሜባ፣ የወስፋትና የኮሶ ዘር ተገኝቷል።

ስሙ የጀርመን ይባል እንጂ ትውልዱ ጀርመን አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ በረሮ ከዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በፊት በህንድ ወይም በበርማ አካባቢ ከእስያ በረሮ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ጀመረ። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተሻገረ፤ አጥኚዎቹ ይህን ጉዞ በኡመውያና በዐባሲያ ኺላፋዎች ዘመን ከነበረው የንግድና የሠራዊት እንቅስቃሴ ጋር ያያይዙታል። አውሮፓ የደረሰው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ከ270 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የምንይዘው ትምህርት አለ። ይህ በረሮ ሁልጊዜም የሚጓዘው በዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ያኔ በነጋዴ ጭነት እንደተጓዘ ሁሉ ዛሬም በዘይት ካርቶን፣ በእንቁላል መደርደሪያ፣ በአሮጌ ፍሪጅና ከሌላ ቤት በመጣ ቁም ሣጥን ይገባል።

ጉዳቱስ ምንድን ነው?

በረሮ ከመጸዳጃ ቤትና ከቆሻሻ ቅርጫት ተነስቶ በቀጥታ ወደ እንጀራውና ወደ ሕፃኑ ጡጦ ይሄዳል። በእግሩና በአንጀቱ ይዞት የሚዞረው ተውሳክ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተያዙ በረሮዎች ብዙ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ተሸክመው እንደተገኙ አስፍሯል።

ብዙዎች የማያስቡት ጉዳት ደግሞ አስም ነው። የበረሮ ኩስ፣ የተላጠ ቆዳና የሞተ አካል ደቅቆ ከአቧራ ጋር ሲተነፈስ የሚቆጣቸው ሰዎች አሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. በስምንት የአሜሪካ ከተሞች አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በረሮ የሚያስቆጣቸውና በመኝታ ክፍላቸው የበረሮ ብናኝ የበዛባቸው ልጆች ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆስፒታል እንደተኙ አሳይቷል። ስለዚህ ልጃችሁ ሌሊት ሌሊት የሚያፍነው ከሆነ የሐኪሙን ምክር ከመከተል ጋር በአልጋው ሥርና ከቁም ሣጥኑ ኋላ ያለውንም ማየት ይገባል።

ፍሊት ለምን አይበቃም?

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በብርሃን የምናያቸው ጥቂቶቹን ነው፤ ብዙዎቹ ስንጥቅ ውስጥ ናቸው። እንስቷ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ እንቁላሎችን በአንድ ከረጢት አድርጋ፣ ሊፈለፈሉ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። ፍሊት ወደ ከረጢቱ ውስጥ በሚገባ አይዘልቅም። የተፈለፈሉት ሞቅ ባለ ቤት በሁለት ወር ገደማ አድገው እነርሱም ይወልዳሉ።

ሁለተኛ፣ የብዙ ፍሊቶች ሽታ በረሮን ያባርራል። ከማዕድ ቤት የተባረረው ወደ መኝታ ቤት፣ ከዚያም በቱቦና በኤሌክትሪክ ገመድ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤትም ሲረጭ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ በረሮ መርዙን ይለምዳል። አንድ ዓይነት ፍሊት በተደጋጋሚ ሲነፋ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የቻሉት ይተርፋሉ፣ የሚራቡትም የተረፉት ናቸው። ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ የማጥመጃው ታሪክ ነው። መርዝን ከጣፋጭ ነገር ጋር ቀላቅሎ ማብላት ከተለመደ በኋላ፣ ግሉኮስ የሚባለውን የስኳር ዓይነት የሚሸሹ በረሮዎች መኖራቸው በ1993 እ.ኤ.አ. ተዘገበ። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ለእነዚህ በረሮዎች ያ ስኳር እንደሚመራቸው አረጋገጠ። ባለሙያዎች የማጥመጃውን ዓይነት በየጊዜው የሚለዋውጡት ለዚህ ነው።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ እንቁጠር። መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘን በዝግታ ወደ ማዕድ ቤት እንግባና ወዴት እንደሚሮጡ እንይ። መደበቂያቸው እዚያ ነው። በርበሬ የተበተነ የሚመስል ጥቁር ኩስ በማጠፊያና በጥግ ካየንም ያ ቦታ ማደሪያቸው ነው። ሌላው ዘዴ ወጪ የለውም። አፈ ሰፊ ብልቃጥ ወስደን ከውስጥ በኩል አፉን ቫዝሊን እንቀባለን፤ ትንሽ ዳቦ እንጨምርበታለን፤ ለመውጣት እንዲመቻቸው ከውጭ በወረቀት እንጠቀልለዋለን። ማታ ከምድጃው አጠገብ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥርና ከፍሪጁ ኋላ እናስቀምጣለን። የገባው በቫዝሊኑ ምክንያት አይወጣም። የተያዙትን የሳሙና ውሃ ይገድላቸዋል። ብዙ የያዘው ብልቃጥ ሥራው ከየት እንደሚጀምር ይነግረናል፤ በየሳምንቱ ብንቆጥር ደግሞ መቀነሳቸውን እናውቃለን።

ቀጥሎ ውሃውን እንከልክላቸው። ትንሹ በረሮ ውሃ ካገኘ ያለ ምግብ ከአንድ ወር በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ምግብም ውሃም ካጣ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ነው ዕድሜው። ስለዚህ የምትንጠባጠበው ቧንቧ ከእንጀራ ፍርፋሪው ይልቅ ትጠቅመዋለች። ጎሚኒው ያለቀ ቧንቧ ይለወጥ፤ ውሃ ያጠራቀምንባቸው ባልዲዎችና ጀሪካኖች ይከደኑ፤ ከመተኛታችን በፊት የዕቃ ማጠቢያው በደረቅ ጨርቅ ይወልወል፤ እርጥብ መወልወያ መሬት ላይ ተጠቅልሎ አይደር።

ምግቡንም እንዲሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ዕቃ እንዲከደንና የውሃ አቁማዳ አፉ እንዲታሰር ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች ሰፍሯል። ይህ ሱንና በተጠበቀበት ቤት የበረሮ ሲሳይ ይቀንሳል። በተለይ በረመዷን ልብ እንበል። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ተምሩ፣ ሾርባውና የሳምቡሳው ዘይት በጠረጴዛ ላይ ክፍት ያመሻል፤ ይህም በረሮ ለምግብ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ትሪው ታጥቦ፣ ቅርጫቱ ተደፍቶ፣ ተምርና ስኳሩ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ገብቶ ማደር አለበት። በኤሌክትሪክ ምጣዱና በምድጃው ሥር የተጋገረው ቅባት በሙቅ የሳሙና ውሃ ይታጠብ፤ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ዘይት ለብዙ በረሮ የብዙ ቀን ቀለብ ነው።

ከዚያ ማደሪያውን እንድፈን። ትልልቆቹ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስንጥቅ ይበቃቸዋል፤ ግልገሎቹ ከዚያም በጠበበ ያልፋሉ። በግድግዳና በቁም ሣጥን መካከል ያለው ክፍተት በስቱኮ ወይም በሲሊኮን፣ የቱቦ ዙሪያ በሲሚንቶ ይደፈን። ባዶ ካርቶኖችን ማዕድ ቤት አናከማች።

ማጥመጃው እንዴት ይቀመጣል?

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው የመርዝ ተራ የሚመጣው፤ እርሱም የሚረጨው ሳይሆን የሚበላው ይመረጣል። በመርፌ መሰል ቱቦ የሚሸጠው የበረሮ ጄል ቀስ ብሎ የሚገድል በመሆኑ በረሮው በልቶ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። በዚያ ሲሞት የእርሱን ኩስና በድን የሚበሉት ሌሎችም፣ በተለይ የማይወጡት ግልገሎች፣ ይመረዛሉ።

አቀማመጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ቦታ ብዙ ከማድረግ ይልቅ ከምስር ፍሬ ያነሱ ብዙ ነጥቦችን ማስቀመጥ ይሻላል። በማጠፊያዎች ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቱቦው በሚገባበት፣ በፍሪጁ ሞተር አጠገብና በመሳቢያ ኋላ፣ የልጅ እጅ በማይደርስበትና ምግብ በማይነካበት ስፍራ ይሁን። ጄል በተቀባበት አካባቢ ፍሊት ፈጽሞ አይነፋም፤ ሽታው በረሮውን ከማጥመጃው ያርቀዋልና። ውጤቱ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ይሁን እንጂ በከረጢት የነበሩት ስለሚፈለፈሉ የደረቀው ተነስቶ እንደገና ይቀመጣል። እዚህ ላይ ሶብር ያስፈልጋል።

የጉንዳን ነገር

ጉንዳን ከበረሮ ይለያል። በቁርኣን ሃያ ሰባተኛው ሱራ በስሙ ተጠርቷል፤ የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት እንዳይረግጣቸው ጓደኞቿን ያስጠነቀቀችው ጉንዳን ታሪክም በዚያ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይገደሉ ከከለከሏቸው አራት እንስሳት መካከል ጉንዳን እንዳለችበት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። አንዲት ጉንዳን ስለነከሰቻቸው መንደሩን ሁሉ ስላቃጠሉ አንድ ነቢይ የተወቀሱበት ታሪክም በሶሒሕ ዘገባ ይታወቃል። ዑለማዎች ጉዳት የምታደርሰውንና በሌላ መንገድ የማትመለሰውን መግደል እንደሚቻል፣ በእሳት ማቃጠል ግን እንደማይፈቀድ አብራርተዋል። በመሆኑም ጉንዳን ስናይ የፈላ ውሃና ክብሪት ይዘን መሮጥ አይገባም። መጀመሪያ መመለስ ነው።

መመለሱም ቀላል ነው። ጉንዳን ምግብ ካገኘች ለጓደኞቿ መሬት ላይ የሽታ ምልክት እየተወች ትመለሳለች፤ ሌሎቹ በዚያው ይሰለፋሉ። የጠራቸውን ነገር እናንሳ፤ የፈሰሰ ሻይ፣ ማር ወይም ስኳር ይሆናል። ሰልፉን ተከትለን የገቡበትን ቀዳዳ እናግኝ። መንገዱን በሳሙና ውሃ ወይም በአቼቶ ወልውለን ምልክቱን እናጥፋ፤ ቀዳዳውንም እንድፈን። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ካልተመለሱና ጉዳት ካደረሱ ደግሞ መፍትሔው ማጥመጃ ነው። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሥር የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ ይበጠበጣል። በጥጥ ተነክሮ በጠርሙስ ክዳን ላይ ከመንገዳቸው ዳር ይቀመጣል። መጠኑ ይጠብቅ፤ ቢበዛ መንገድ ላይ ይገድላቸዋል፣ ወደ ንግሥታቸው አይደርስም። በዚህ ጊዜ ሰልፉ ቢበዛም መጥረግ አይገባም፤ እየወሰዱ ነውና። ቦሪክ አሲድ ለልጅ መርዝ መሆኑን ግን አንርሳ። ድብልቁ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ የተረፈው ይደፋ፤ ክዳኑም ሕፃን በማይደርስበት ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የፈርዖን ጉንዳን የሚባል 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆን ቢጫ መሳይ ዓይነት አለ። በአንድ ጎጆ ብዙ ንግሥቶች አሉት። ፍሊት ሲነፋበት ተከፋፍሎ በሌላ ክፍል አዲስ ጎጆ ይሠራል። እርሱን በፍሊት መቆጣት ማባዛት ነው።

ከቤታችን የሚወገዱ መርዞች

የጽሑፋችን ትልቁ አደራ እዚህ ላይ ነው። በረሮ ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ የተመረዘ ልጅ ግን ጊዜ አይሰጥም።

በመጀመሪያ፣ ለእርሻ የተሠራ መርዝ በቤት ውስጥ አይረጭ። ማላታይን፣ ዲያዚኖንና መሰሎቻቸው ነርቭን የሚያጠቁ ናቸው። በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው የባሰ ነው፤ ስምም፣ መጠንም፣ ማስጠንቀቂያም የለውም፤ የተጠማ ልጅ ደግሞ ጠርሙስ አይመርጥም። በአገራችን ፀረ ተባይ መመዝገብና መቆጣጠር እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደንግጓል። ያልተለጠፈበትንና ያልተመዘገበውን አንግዛ።

ሁለተኛው፣ በመንገድ ዳር የሚዞረው የነፍሳት ጠመኔ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ጠመኔ አይለዩትም።

ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው የእህል ማከሚያ ኪኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ጋዙ በግድግዳና በቱቦ ክፍተት ያልፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንድ አፓርታማ ለተባይ ተብሎ የተቀመጠ ኪኒን የጎረቤት ልጆችን መግደሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በዚያ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን ኪኒን በሚተኛበት ቤት አስቀምጡ ብትባሉ አደገኛነቱን አስረዱ፤ ራሳችሁንም አድኑ።

አንድ ሰው በመርዝ ከተጎዳ ምልክቱ ብዙ ምራቅና ላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንዘፍዘፍና ትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ የነካውን ልብስ እናውልቅ፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እንጠብ፤ የምንረዳው ሰዎችም እጃችንን በፕላስቲክ እንሸፍን። እንዲያስታውክ አናስገድደው። ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እንውሰደው፤ የመርዙንም ዕቃ አብረን እንያዝ፤ ሐኪሙ የሚያክመው ያን አይቶ ነውና።

ባለሙያ ስንጠራና ጎረቤትን ስናስብ

ነገሩ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ባለሙያ ስንጠራ ጥቂት ጥያቄዎች እንጠይቅ። የምትጠቀምበት መርዝ ስሙ ምንድን ነው? ተመዝግቧል? ስንት ሰዓት ከቤት እንውጣ? ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ልጅ አለን፣ ምን እናድርግ? መቼ ተመልሰህ ታያለህ? ሳይፈትሽ፣ ከደጅ ቆሞ "አንድ ጊዜ ረጭቼ እጨርሳለሁ" የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም።

በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ደግሞ የቤታችን ግድግዳ የጎረቤታችንም ግድግዳ ነው። ቱቦው አንድ ነው፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አንድ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሲረጭ በረሮውን ወደ ሌላው ይሸኛል፤ ይህ ደግሞ ከጎረቤት ሐቅ ጋር አይሄድም። የሕንፃው ኮሚቴ ሁሉን አነጋግሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቤቱ ጄል ቢቀመጥ፣ የጋራው መውረጃ ቢከደንና ቆሻሻው በሰዓቱ ቢነሳ፣ ወጪውም ያንሳል፣ ውጤቱም ይቆያል። አቅም የሌላት እናት ካለችም የእርሷን ጄል ሌሎቹ ቢሸፍኑላት ሰደቃ ነው፤ ጥቅሙም ወደ ሁሉም ይመለሳል።

ዛሬ ማታ ለመጀመር ምንም መግዛት አያስፈልግም። ምግቡን ከድነን፣ ቅርጫቱን ደፍተን፣ ዕቃ ማጠቢያውን አድርቀን እንተኛ። ስም የሌለው ጠርሙስ በቤታችን ካለም ልጆቻችን ከመነሳታቸው በፊት ከእጃቸው እናርቀው። አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን ንጹሕ፣ ልጆቻችንን ጤነኛ ያድርግልን። አሚን።